ከቴህራን እስከ ሎስ አንጀለስ፦ የፋርስኛ የሕክምና አስተርጓሚ ታሪክ

በ1851 ማለቂያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያኮብ ኤድዋርድ ፖላክ የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም ቴህራን ገባ። የፋርስ (የዛሬዋ ኢራን) ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው አሚር ካቢር ዳር አልፉኑን የተባለ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ለመክፈት ከኦስትሪያ መምህራን ሲያስመጣ፣ ለሕክምናው ክፍል የተመረጠው ፖላክ ነበር። እንግዶቹ ሲደርሱ ግን ጠሪያቸው ከሥልጣን ወርዷል፤ በጥር 1852 ደግሞ በንጉሡ ትእዛዝ ተገደለ። ፖላክ መሥራቹ በሌለበት ትምህርት ቤት፣ ቋንቋውን ለማይሰሙ ወጣቶች ሕክምና ማስተማር ግድ ሆነበት።

መጀመሪያ ያስተማረው በፈረንሳይኛ ነው። እሱ ስለ አጥንት፣ ስለ ጅማት፣ ስለ ደም ሥር ይናገራል፤ ከጎኑ የቆመው አስተርጓሚ ወደ ፋርስኛ ይመልሳል። ፖላክ በዚህ አልረካም። ከአፉ የወጣው ነገር ተማሪው ጋ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ማወቅ አይችልም፤ ስህተት ቢገባ የሚያርመውም የለም። ስለዚህ ራሱ ፋርስኛ ተማረና በተማሪዎቹ ቋንቋ ማስተማር ጀመረ። የአካል አወቃቀር መማሪያ መጽሐፍ በፋርስኛ አዘጋጀ፤ የሕክምና ቃላትንም ከላቲን፣ ከዐረብኛና ከፋርስኛ እያመሳከረ ሰበሰበ። ከ1855 እስከ 1860 የናስር አልዲን ሻህ የግል ሐኪም ሆኖ ሲያገለግል ንጉሡን የሚያነጋግረው ያለ አስተርጓሚ ነበር።

ፖላክ ከባዶ አልተነሣም። ፋርስኛ የሕክምና መጻፊያ ከሆነ ያን ጊዜም ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አልፎት ነበር። በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኢስማኢል ጆርጃኒ የተባለው ሐኪም ለኽዋሬዝም ገዥ ያበረከተው ሰፊ የሕክምና መጽሐፍ በፋርስኛ የተጻፈ ነው። በዚያ ዘመን ሊቅ የሚባል ሰው የሚጽፈው በዐረብኛ ነበር፤ ኢብን ሲና እንኳ ታላቁን የሕክምና መጽሐፉን ያዘጋጀው በዐረብኛ ነው። ጆርጃኒ አገሬው በሚያነበው ቋንቋ መጻፉ ትልቅ ውሳኔ ነበር። እንግዲህ ዛሬ አንዲት ኢራናዊት እናት በካሊፎርኒያ ሆስፒታል ውስጥ ሕመሟን ማስረዳት ቢያቅታት፣ ቋንቋዋ ለሕክምና ስለማይበቃ አይደለም። የጎደለው በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚቆም የሠለጠነ ሰው ነው።

ከፖላክ በኋላ የመጡት የውጭ ሐኪሞችም ብዙዎቹ የእሱን መንገድ ተከተሉ። ከአሜሪካውያን ሚስዮናውያን በፋርሷ ኡርሚያ የተወለደው ጆሴፍ ኮክራን አሜሪካ ሄዶ ሕክምና ተምሮ በ1878 ተመለሰና ሆስፒታል ከፈተ፤ የአገሩንም ልጆች ሐኪም አድርጎ አሠለጠነ። በዚያ ዘመን ቋንቋ የመማሩ ሸክም የሐኪሙ ነበር፤ ተጓዡ እሱ ነዋ።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነገሩ ተገለበጠ። ተጓዡ ሕመምተኛው ሆነ።

በእርግጥ ወደ አሜሪካ መጀመሪያ የጎረፉት ኢራናውያን አስተርጓሚ የሚያሻቸው አልነበሩም። በ1979 እና በ1980 የትምህርት ዘመን በአሜሪካ ኮሌጆች ከ51,000 በላይ ኢራናውያን ተማሪዎች ነበሩ፤ ያኔ ከየትኛውም አገር የመጡ ተማሪዎች በቁጥር አይደርሱባቸውም። ብዙዎቹ መሐንዲስና ሐኪም ሆነው ቀሩ። የ1979ኙ የኢራን አብዮት ሲፈነዳ ግን ወላጆች፣ አያቶች፣ አክስቶች ተከተሉ። በሎስ አንጀለስ የዌስትዉድ ሰፈር የፋርስኛ ማስታወቂያ የሰቀሉ ሱቆች፣ መጽሐፍ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ሞሉት። ከዚያው ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ሶቪየት ኅብረት አፍጋኒስታንን ስትወር ዳሪ ተናጋሪዎችም ተሰደዱ፤ በሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ ያለችው ፍሪሞንት ከተማ ትንሿ ካቡል የሚል ስም አወጣች። ዳሪ አፍጋኒስታን ውስጥ የሚነገረው ፋርስኛ ነው።

ሎስ አንጀለስ ያለ ሰው ዕድል ከቀናው ፋርስኛ ተናጋሪ ሐኪም ያገኛል። ሌላ ቦታ ያለው፣ ወይም ስፔሻሊስት ዘንድ የተላከው፣ ልጁን ይዞ ይሄዳል።

ያ የምርመራ ክፍል ለስደተኛ ቤተሰብ ሁሉ የታወቀ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ከእናቱ ጎን ተቀምጧል። ሐኪሟ ስለ ወር አበባ ትጠይቃለች። ልጁ ጥያቄውን ሰምቷል፣ ገብቶታልም፤ እናቱን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው። “ደህና ነሽ ወይ ትላለች” ይላታል። እናት “እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ” ትላለች። እሱም “ምንም ችግር የለባትም” ብሎ ለሐኪሟ ይመልሳል። ሐኪሟ የሰማችውን መዝግባ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታልፋለች። ሦስቱም በቅንነት ተነጋግረዋል፤ በካርዱ ላይ የሰፈረው ግን እውነት አይደለም።

አዋቂ ዘመድ ሲያስተረጉም ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። በብዙ ኢራናውያንና አፍጋናውያን ቤተሰቦች ከባድ መርዶ ለሕመምተኛው ፊት ለፊት አይነገርም። ካንሰር ከሆነ ቤተሰቡ ይሰማል፣ ይመክራል፣ ሕመምተኛው ተስፋ እንዳይቆርጥ ስሙን ይደብቃል። የአሜሪካ ሐኪም ግን ለሕመምተኛው በቀጥታ መንገር ግዴታዬ ነው ብሎ ያምናል። በመካከል የገባው ልጅ “አባቴ ይህን ከሰማ ይሞትብኛል” ብሎ ሲያስብ ካንሰሩን “እብጠት” አድርጎ ያልፈዋል። አባትየው ምንነቱን ለማያውቀው ሕክምና ይፈርማል። ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ በ1992 በአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና በምን ሁኔታ ሊነገር እንደሚገባ ለሐኪሞች አስረድተዋል። የሠለጠነ አስተርጓሚ ቤተሰቡ “አትንገርብን” ቢለው የሚያደርገው ይታወቃል። አይደብቅም፤ የቤተሰቡን ልመና ራሱን ለሐኪሙ ይተረጉምለታል። ከዚያ ሐኪሙ ሕመምተኛውን “ስለ ጤናዎ ራስዎ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ ልንገር?” ብሎ ይጠይቃል። ውሳኔው ወደ ሕመምተኛው የሚመለሰው በዚህ ነው።

ቃል በቃል መመለስም ብቻውን አያድንም። ባይረን ጉድ የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1970ዎቹ በሰሜን ምዕራብ ኢራን በማራጌ ከተማ ያጠናው ነገር አለ፤ ጥናቱ በ1977 ታትሟል። የከተማዋ ሰዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ “ልቤን አሞኛል” ሲሉ የልባቸውን መምታት ብቻ አይደለም የሚናገሩት። ሐዘን፣ የኑሮ ጭንቀት፣ ከወሊድ ጋር የተያያዘ ሥጋት ሁሉ በዚያ ሕመም ውስጥ አለ። ይህን ያልተገነዘበ ሐኪም የልብ ምርመራ አዝዞ “ንጹሕ ነው” ብሎ ይሸኛታል። ሥራውን የሚያውቅ አስተርጓሚ የተባለውን እንዳለ ካስተላለፈ በኋላ “ይህ አባባል ሌላም ትርጉም ሊኖረው ይችላል፣ ቢጠይቋት ጥሩ ነው” ብሎ ለሐኪሙ ያሳስባል። ምርመራውን ግን አይነካም፤ ያ የሐኪሙ ነው።

በዘመድና በአላፊ አግዳሚ ማስተርጎም ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር የታየው ዘግይቶ ነው። የሕፃናት ሐኪሙ ግሌን ፍሎሬስና ባልደረቦቹ በ2003 ባሳተሙት ጥናት 13 የሕፃናት ሕክምና ቀጠሮዎችን በቴፕ ቀርፀው መረመሩ። ቋንቋው ስፓኒሽ ነበር። 396 የትርጉም ስህተት ተገኘ፤ በአማካይ በአንድ ቀጠሮ ከ30 በላይ ማለት ነው። ከስህተቶቹ 63 ከመቶው በጤና ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ነበሩ። ካስተረጎሙት መካከል የ11 ዓመት ልጅ ይገኝበታል። አንዱ አስተርጓሚ ስለ መድኃኒት አለርጂ የቀረበውን ጥያቄ ዘለለው፤ ሌላው በአፍ የሚወሰደውን የጆሮ ሕመም አንቲባዮቲክ ጆሮዋ ውስጥ እንድትጨምርላት ለእናትየዋ ነገራት። በ2012 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ አንድ ተስፋ ሰጪ ነገር አሳየ፤ 100 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠለጠኑ አስተርጓሚዎች ከሠሯቸው ስህተቶች ለጉዳት የሚያሰጉት 2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ልዩነቱን የሚያመጣው ሥልጠና ነው እንጂ ሁለት ቋንቋ መናገር ብቻ አይደለም።

ሕጉ የጀመረው ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ነው። የ1964ቱ የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ 6ኛ ምዕራፍ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ተቋም ሰውን በዘሩ፣ በቀለሙ ወይም በመጣበት አገር ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል። ስለ ቋንቋ አንድም ቃል የለበትም። በ1974 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳን ፍራንሲስኮ ቻይናውያን ተማሪዎች ጉዳይ፣ በማይገባቸው ቋንቋ ብቻ ማስተማር እነሱን ማግለል ነው ሲል ወሰነ። ከትምህርት ቤት የጀመረው ነገር ሆስፒታል ደረሰ፤ ለአረጋውያንና ለድሆች ሕክምና የፌዴራል ገንዘብ የማይቀበል ሆስፒታል ጥቂት ነውና። በ2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን 13166 የሚል ቁጥር በተሰጠው ትእዛዝ ይህንኑ ግዴታ አጠናከሩ። የ2010ሩ የጤና መድን ሕግ አንቀጽ 1557፣ በተለይም በ2016 የወጣው ማስፈጸሚያ ደንቡ፣ በግልጽ አስቀመጠው፤ ሆስፒታሉ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ሕመምተኛውን “አስተርጓሚ ይዘህ ና” ማለት አይችልም፣ ከአስቸኳይ አደጋ በስተቀር ልጅን ማስተርጎሚያ ማድረግ አይፈቀድም።

መብት ማወጅ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን ማግኘት ሌላ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ድንገተኛ ክፍል ለገባ ዳሪ ተናጋሪ አስተርጓሚ ከየት ይመጣል? መልሱን ቀድማ ያገኘችው አውስትራሊያ ናት። በ1973 በሲድኒና በሜልበርን ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚያገለግል የስልክ አስተርጓሚ ድርጅት መንግሥት ከፈተ። በ1977 ደግሞ የአስተርጓሚዎችን ብቃት የሚፈትን ብሔራዊ ተቋም አቋቋመ፤ ዛሬ ፋርስኛም ዳሪም በየራሳቸው ይፈተኑበታል። በአሜሪካ የስልክ ማስተርጎም የተጀመረው በ1982 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ፣ ፖሊስ ከቬትናም ስደተኞች ጋር መግባባት ሲያቅተው ነበር። ከፖሊስ ወደ ሆስፒታል ለመሻገር ጊዜ አልፈጀበትም። ዛሬ ነርሷ ድምፅ ማጉያ ስልክ ወይም ስክሪን የተገጠመበት ባለ ጎማ መቆሚያ እየገፋች ትገባለች፤ ከሌላ ክፍለ አገር ያለ አስተርጓሚ ስሙን ሳይሆን የመለያ ቁጥሩን ተናግሮ ሥራ ይጀምራል።

ሙያውን ሙያ ያደረጉት ግን ራሳቸው አስተርጓሚዎቹ ናቸው። በማሳቹሴትስ በ1986 ተደራጁ፤ በ1995 የሥራ መመዘኛ ጽፈው አወጡ። በሲያትል የ40 ሰዓት ሥልጠና ተቀረፀና በመላ አገሪቱ ተሰራጨ። እዚያው ሲያትል በሃርበርቪው ሆስፒታል በ1994 የተጀመረው ፕሮግራም ለእኛ አንባቢ ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከካምቦዲያ ማኅበረሰቦች የተውጣጡ ሰዎች አስተርጓሚም የባህል አስታራቂም ሆነው ተቀጠሩ፣ እስከ ቤት ድረስ እየሄዱም ቤተሰብ ይጎበኙ ነበር። በ2004 ብሔራዊ የሥነ ምግባር ደንብ ወጣ፤ ምስጢር መጠበቅ፣ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ማስተላለፍ፣ ከማንም ወገን አለመቆም። በ“እኔ” መናገርም የተለመደ አሠራር ሆነ፤ ሕመምተኛዋ “ራሴን ያዞረኛል” ስትል አስተርጓሚው “ራሷን ያዞራታል ትላለች” ሳይሆን “ራሴን ያዞረኛል” ይላል። ሐኪሙም ዓይኑን ከአስተርጓሚው አንሥቶ እሷን ያያል።

ፋርስኛና አማርኛ እዚህ ላይ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። በ2009 ሁለት ብሔራዊ የምስክር ወረቀት ሰጪ ቦርዶች ተቋቋሙ። የቃል ፈተናው፣ ማለትም አስተርጓሚው በእርግጥ በሁለቱ ቋንቋ ሲሠራ የሚታይበት ክፍል፣ የተዘጋጀው እንደ ስፓኒሽ፣ ማንዳሪን፣ ዐረብኛ፣ ሩስኛ፣ ኮሪያኛና ቬትናምኛ ላሉ ጥቂት ቋንቋዎች ነው። ፋርስኛ የለበትም፤ አማርኛም የለበትም። የእነዚህ ቋንቋዎች አስተርጓሚ ስለ ሙያው ዕውቀት በእንግሊዝኛ ይፈተናል እንጂ ከቦርዶቹ “በፋርስኛ አስተርጉምና አሰማን” የሚለው የለም። ተናጋሪው ጥቂት ነው፣ ፈተና ማዘጋጀት ደግሞ ውድ ነው ይባላል። ምክንያቱ ይገባል፤ ነገር ግን ያች በሽተኛ እናት ለቁጥር ማነስ ዋጋ እንድትከፍል መተው ተገቢ አይደለም።

በነሐሴ 2021 ካቡል በታሊባን እጅ ስትወድቅ ጉድለቱ ገሃድ ወጣ። ከ76,000 በላይ አፍጋናውያን ወደ አሜሪካ ገቡ፤ ብዙዎቹም በወታደራዊ ካምፖች ቆዩ። በመስከረም በስደተኞቹ መካከል ኩፍኝ ሲገኝ በረራ ቆመ፣ ለሁሉም ክትባት መስጠት ተጀመረ። ስለ ክትባቱ በዳሪና በሌላው የአፍጋኒስታን ዋና ቋንቋ በፓሽቶ የሚያስረዳ ሰው በየካምፑ አስፈለገ። ፋርስኛ ይናገራል ተብሎ የተመደበ ኢራናዊም ሁልጊዜ አይበቃም። ኢራናዊው ሆስፒታልን “ቢማረስታን” ይለዋል፣ አፍጋናዊው “ሻፋኻና”፤ ሃዛራ ከተባለው የአፍጋኒስታን ብሔረሰብ ከሆነ ደግሞ ሃዛራጊ የሚባለው አነጋገሩ የራሱ ነው። የልደት ቀንም ሌላ ጣጣ ነው። ሁለቱም አገሮች ዓመቱን በመጋቢት የሚጀምር የፀሐይ አቆጣጠር ሲጠቀሙ ኖረዋል፣ ከአውሮፓው ጋር ልዩነቱ 621 ወይም 622 ዓመት ነው። በኤምባሲ ደጅ የልደት ቀኑን ሲያሰላ የዋለ ኢትዮጵያዊ ይህን ችግር ያውቀዋል። ከእነዚያ አፍጋናውያን መካከል ለአሜሪካ ጦር ሲያስተረጉሙ የኖሩ ነበሩ። አንዳንዶቹ በኋላ በሆስፒታል ሥራ አገኙ፤ ሌላ ሥልጠና ግን አስፈልጓቸዋል፤ የጦር ሜዳ ቋንቋ የማሕፀን ምርመራን አያስረዳም።

ስልክ ላይ ያለው የትርጉም ማሽንስ? ብዙ ሐኪም ሲቸኩል ወደ እሱ ያዘነብላል። በ2021 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ጉግል ትርጉምን ለድንገተኛ ክፍል መመሪያዎች በ7 ቋንቋዎች ፈተነ። ስፓኒሹ 94 ከመቶ ትርጉሙን ጠበቀ፤ ፋርስኛው 67.5 ከመቶ ብቻ፤ አርመንኛው 55 ከመቶ። ከሦስት መመሪያ አንዱ ተበላሽቶ የሚወጣ መሣሪያ ለመድኃኒት መጠን አይታመንም። ከዚያ ወዲህ ማሽኖቹ ተሻሽለዋል፤ ይሁንና የ2024ቱ የአንቀጽ 1557 ደንብ ለሕክምና ወሳኝ የሆነ የማሽን ትርጉም በብቁ ሰው እንዲታረም ያዝዛል።

በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን የአገሪቱ ይፋዊ ቋንቋ ሲያደርጉ የ2000ውን የክሊንተን ትእዛዝ ሻሩ። ይህን የሰሙ ብዙ ስደተኞች አስተርጓሚ የመጠየቅ መብታቸው ያበቃ መስሏቸዋል። የ1964ቱ ሕግና አንቀጽ 1557 ግን ምክር ቤት ያወጣቸው ሕጎች ናቸው፤ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ አይሻሩም።

ስለዚህ ፋርስኛ ተናጋሪ ጎረቤት ያለው፣ ወይም ራሱ እናቱን ወደ ሆስፒታል የሚወስድ አንባቢ ይህን ያድርግ። አስተርጓሚውን በዕለቱ ሳይሆን ቀጠሮ ሲያዝ ይጠይቅ። “ፋርስኛ” ብሎ ብቻ አያቁም፤ የኢራን ነው፣ ዳሪ ነው፣ ወይስ ሃዛራጊ፣ ለይቶ ይናገር። ሴት አስተርጓሚ ከተፈለገም ያኔውኑ ይባል። በስልክ ከሆነ የአስተርጓሚው መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ ስህተት ቢገኝ የሚያገለግለው እሱ ነው። አገልግሎቱ ገንዘብ አይከፈልበትም። ልጁንም ትምህርት ቤት ይተወው።